የሁለት ቀበሌ የወል ግጦሽ ጠብ፦ የካርቶን ተራራ ወይስ የባቄላ ጨዋታ?

የመነሻ ጽሑፍ

ጠያቂው በአንድ ደጋማ ወረዳ በመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ነው። ሁለት ተጎራባች ቀበሌዎች 300 ሄክታር በሚጠጋ የወል ግጦሽ ከተጣሉ ቆይተዋል። የላይኛው ቀበሌ ተራራው ተከልሎ ሣሩ እየታጨደ ለከብት እንዲቀርብ ይፈልጋል። የታችኛው ደግሞ ከአባት ከአያት ከብቱን ሲያሰማራበት የኖረውን ቦታ ማንም አይዘጋብኝም ባይ ነው። በዚህ መሃል ከዳር ከዳር እየገፋ የሚያርሰውና ባህር ዛፍ የሚተክለው በዝቷል። ሽማግሌ ገብቷል፣ ወረዳው ወስኗል፣ ውሳኔውን ግን አንዱም ወገን አልተቀበለውም። የጠያቂው አቋም ጂፒኤስ ይዞ ከመዞር ይልቅ ሁለቱን ወገን በአንድ ሞዴል ዙሪያ ማስቀመጥ ጠቡን ቶሎ ይፈታል የሚል ነው። ያልቆረጠለት የሞዴሉ ዓይነት ነው። ነዋሪው ራሱ ከካርቶን እየቆረጠ የሚያቆመው የመሬቱ አምሳያ ይሻላል ወይስ በየወቅቱ ከብትና ሣር እያንቀሳቀሰ የሚጫወትበት ሰሌዳ? ስኬሉ (አምሳያው ከእውነተኛው መሬት ስንት እጥፍ ያንሳል የሚለው) ስንት ይሁን፣ ስንት ሰው ይጠራ፣ ኮምፒውተርስ ያስፈልጋል ወይ የሚሉትንም አስከትሏል። ከጥያቄው ሥር የተከታተሉትን መልሶች፣ ማለትም የውይይቱን ክር፣ በተራቸው አጠቃልዬአለሁ፤ ሰላምታና ምርቃቱ ቀርቷል።

1.

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ጥያቄውን ለሁለት ከፈለው። ጠቡ መስመሩ የት ነው የሚል ከሆነ የካርቶን አምሳያ፣ መሬቱ እንዴት ይያዝ የሚል ከሆነ ጨዋታ ይሻላል። እዚህ ሁለቱም ስላሉ አምሳያው ይቅደም፣ ጨዋታው ይከተል ባይ ነው። ስለ ስኬሉ የሰጠው ስሌት ከክሩ ሁሉ የተወደደው ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው በ1፡10,000 ነው፤ በዚያ ስኬል ግን 300 ሄክታር በሰሌዳው ላይ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ የደብተር ገጽ ያህል ማለት ነው። ሃያ ሰው በዚያ ዙሪያ አይከራከርም። በ1፡5,000 ግን አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ልክ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም አንድ ጥማድ ይሆናል። ገበሬው የትንሽ ጣቱን ጥፍር አስቀምጦ ጥማድ መቁጠር ይችላል። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ በዚህ ስኬል 6 በ12 ኪሎ ሜትር ይይዛል፤ ሁለቱ ቀበሌዎች ከነመንደራቸውና ከነምንጫቸው ይገቡበታል።

2.

ሁለተኛው ወደ እጅ ሥራው ገባ። ኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው የካርታ መስመር፣ በየ20 ሜትሩ ከሆነ በ1፡5,000 እያንዳንዱ ንብርብር 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ከሸለቆው ሥር እስከ ጫፉ 600 ሜትር ልዩነት ካለ 30 ንብርብር ሆኖ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይወጣዋል። ካርቶን ሲገዛ አሥሩን አነባብሮ በማስመሪያ መለካት ግድ ነው፣ አንዱ ብቻ ከተለካ የግማሽ ሚሊ ስህተት ሠላሳ ጊዜ ይባዛል። ካርታው በሁለት ቅጂ ይታተማል። አንዱ ኮምፔንሳቶው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ሌላው በካርቦን ወረቀት ለመገልበጥ ያገለግላል። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የሚቆረጠው መስመር ደፍኖ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ኮንቱር ደግሞ በነጠብጣብ ይገለበጣል። ነጠብጣቡ ከሌለ የሚቀጥለው ንብርብር የት እንደሚቀመጥ አይታወቅም፤ ተራራውም ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። መገልበጥና መቁረጡ ለትምህርት ቤት ልጆች ይሰጣል። ደረጃው በሶፍትና በኮላ ተለብጦ በስቱኮ ከለሰለሰ በኋላ ነጭ ቀለም ይቀባል። ሽማግሌዎቹ የሚገቡት ያኔ ነው፤ መጀመሪያ የምልክቱን ዝርዝር ይስማሙበታል፣ ከዚያ ነጥብ የሆነውን በስፒል፣ መስመር የሆነውን በሹራብ ክር፣ ስፋት ያለውን በቀለም ያስቀምጣሉ።

3.

ሦስተኛው ለሁለተኛው ምስጋና አቅርቦ ወዲያው አረመው። በ30 ሜትር ጥራት ካለው የሳተላይት ከፍታ መረጃ የወጣ ኮንቱር ሳይለሰልስ ከታተመ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆንና ልጆቹ መቁረጥ ያቅታቸዋል። ከዚህ የሚብሰው ሜዳው ነው። በ20 ሜትር ልዩነት የታችኛው ቀበሌ ሜዳ በሙሉ አንድ ንብርብር ብቻ ሆኖ ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ የላይኛው ቀበሌ ግን ጉብታውም ገደሉም አምሮ ይታያል። ሰው የራሱን ማሳ ካላገኘ ስብሰባው በአድልዎ ወሬ ይጀመራል። የ10 ሜትር ኮንቱር በ2 ሚሊ ካርቶን መሥራት አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ቢያንስ ለዝቅተኛው ክፍል ሳይሠራ መቅረት የለበትም። ጅረቱንና የመንደር መንገዱን ደግሞ አስቀድሞ ስሎ መቅረብ ስህተት ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን በመሬቱ ላይ የሚያገኙት ጅረቱን ሲያስቀምጡ ስለሆነ ያ ሥራ ለእነሱ ይተዋል።

4.

አራተኛው ምሳሌ አመጣ። በኬንያ ማው ደን የሚኖሩት ኦጊየኮች እ.ኤ.አ. በ2006 በኔሱይት ከካርቶን የደናቸውን አምሳያ ሠርተው ነበር። ወጣቶቹ ቆርጠው አዛውንቱ የጎሳ ይዞታቸውንና የንብ ቀፎ ቦታቸውን አስቀመጡበት። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017፣ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት ለኦጊየኮች ፈረደ። መላሹ ነገሩን ካርቶን መንግሥትን ረታ በሚል ስሜት ነው ያቀረበው። በአገራችንም መልካ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ሆለታ አካባቢ በወጨጫ ተራሮች ተመሳሳይ ሥራ መሥራቱን ጨመረ።

5.

እዚህ ላይ ድምፁ ከረረ። አምስተኛው መላሽ አራተኛውን አጉል ተስፋ ይሸጣል ብሎ ወቀሰ። የኦጊየኮች ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤቱ የሄደው እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን በኩል ነው፣ ውሳኔውም የቆመው በአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ቻርተር አንቀጾች ላይ እንጂ በካርቶን ላይ አይደለም። አምሳያው የረዳው ሕዝቡ እርስ በርሱ ቃሉን እንዲያስማማ ነው። ደግሞም ከፍርዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ ከማው ማፈናቀል እንደገና ተካሂዷል። ሁለተኛው ነጥቡ ይበልጥ ይከብዳል። ያ ሥራ የአንድ ሕዝብ ካርታ ነበር፤ ሁለት የሚጣሉ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡበት አልነበረም። ጠያቂው የያዘው የኋለኛውን ስለሆነ ምሳሌው አይገጥምም። አነጋገሩ ሸካራ ነበር፤ ልዩነቱን በማውጣቱ ግን ክሩን ከመንጋጋት አድኖታል።

6.

ስድስተኛው በአምስተኛው ተስማምቶ፣ ግን ካርቶኑ በክረምት ለምን እንደሚጎብጥ ጠየቀ።

7.

ሰባተኛው መለሰለት። ውሃ የበዛበት ኮላ በአንድ ፊት ብቻ ሲቀባ ካርቶኑ ወደዚያው ይጎብጣል። ኮላው ወፍሮ በነጠብጣብ ይቀባ፣ እያንዳንዱ አምስት ንብርብር በትንንሽ ምስማር ይያዝ፣ ሌሊቱን ድንጋይ ይጫንበት። የዱቄት ሙጫ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አይጥ ይጠራል፣ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ አምሳያ ከሥሩ ተበልቶ ይገኛል።

8.

የጨዋታው ደጋፊ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ረጅሙም መልስ የእሱ ነው። መነሻው የሴኔጋል ወንዝ ዴልታ ነው። በሮስ ቤትዮ ገበሬና አርብቶ አደር የተጣሉበትን መሬት ነዋሪዎቹ በራሳቸው ሕግ ተጫውተውት፣ ቦታውን ለእርሻ ቅድሚያ፣ ለከብት ቅድሚያና ለግጦሽ ብቻ ብለው ከፍለውታል። በእያንዳንዱ ክልል ማን ለማን እንደሚያሳልፍም ተስማምተዋል። በዚያ አከፋፈል አንዱ ሌላውን አያባርርም፤ ገበሬ በከብት ክልል ቢያርስ አጥሩ የራሱ ዕዳ ነው።

ለጠያቂው ያቀረበው ሰሌዳ እንዲህ ነው። 300 ሄክታር 1,200 ጥማድ ስለሆነ ሰሌዳው 10 በ12፣ 120 ቤት ይኖረዋል፤ አንዱ ቤት አሥር ጥማድ ነው። ሣሩ በባቄላ ይቆጠራል፣ አንድ ባቄላ አንድ ቶን ደረቅ ሣር። ምርቱን ከመጽሐፍ መውሰድ አይገባም። ከሁለቱም ቀበሌ ሰው ባለበት በየተዳፋቱ አንድ ካሬ ሜትር እየታጨደ፣ ደርቆ ይመዘናል፤ 200 ግራም ከወጣ በሄክታር 2 ቶን ነው፣ በአንድ ቤት አምስት ባቄላ። ከሁለት ባቄላ በታች የተጋጠ ቤት በሚቀጥለው ዓመት አራት ብቻ ያበቅላል፣ ደግሞ ከተጋጠ ሦስት። የከብቱ ጠጠር አሥር ከብት ይወክላል። የአገራችን ከብት በአማካይ 0.7 የእንስሳት አሃድ ነው (አንድ አሃድ 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ማለት ነው)፣ አንዱ አሃድ በቀን 6.25 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል። ስለዚህ አንዱ ጠጠር በሦስት ወር አራት ባቄላ ግድም ያነሣል። ዓመቱን በአራት ዙር ከፍሎ፣ ስድስት ስድስት ተጫዋች ከየቀበሌው አስቀምጦ፣ አምስት ዓመት ማጫወት ነው። ኮምፒውተሩን በተመለከተ የጨዋታው ሕግ ሳይረጋ ፕሮግራም መጻፍ ድካም ብቻ ነው፤ በየዙሩ የተረፈውን ባቄላ የሚመዘግብ አንድ ጸሐፊ ይበቃል።

9.

ዘጠነኛው ስሌቱን ይዞ አፋጠጠው። 120 ቤት 600 ባቄላ ነው፤ ግማሹ ብቻ ይበላ ከተባለ 300 ቶን። አንድ ከብት በዓመት 1.6 ቶን ይፈልጋል፣ ስለዚህ ተራራው ዓመቱን ሙሉ የሚችለው ከ190 ያነሰ ከብት ነው። ሁለት ደጋ ቀበሌ ግን በሺህ የሚቆጠር ከብት አለው። በዚህ ሕግ ከተጫወቱ ከብቱ ሁሉ በመጀመሪያው ዙር ያልቃል፣ ገበሬውም ስቆ ይነሣል፤ መሳቁም ትክክል ነው። የጎደለው ገለባና ቃርሚያ ነው። ከአንድ ማሳ ጤፍ ወይም ስንዴ የሚወጣው ገለባ አብዛኛውን ጊዜ ከእህሉ ክብደት ይበልጣል፤ በደጋ ከብቱን የሚያከርመው እሱ ነው። የወል ግጦሹ ላይ ጫናው የሚከብደው ማሳው ሁሉ በተዘራበት በክረምት ነው። ስለዚህ ዙሩ አራት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሁን፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ከብቱ ተራራው ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ቃርሚያ ላይ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ክምሩ ሥር። በአራት ወር አንዱ ጠጠር የሚበላው አምስት ባቄላ ይሆናል። ገለባ የሌለበት የመኖ ሞዴል ቢሮ የተሠራ ለመሆኑ ከሩቅ ይታወቃል ሲልም ወጋ አደረገው።

10.

ጠያቂው ተመልሶ ዘጠነኛውን ደገፈና አንድ ያልተናገረውን ገለጠ። ለካ የታችኛው ቀበሌ ከመኸር በኋላ የላይኛውን ከብት በቃርሚያው ያሰማራል። ላይኛው ተራራውን ቢዘጋ ታችኛው ቃርሚያውን ይዘጋል።

11.

ይህን ያነበበው አሥራ አንደኛው፣ እንግዲያው ነገሩ ሁለት መሬት የሚለዋወጡ ጎረቤቶች ጉዳይ ነው ብሎ የቡታንን ሊንግሙቴይቹ ተፋሰስ ጠቀሰ። በዚያ ላይኛው መንደር ሊምቡኻ የመስኖ ውሃውን ይዞ ለታችኛው ለዶምፖላ እስከሚለቅበት ቀን ድረስ ያስጠብቀው ነበር፤ ሩዝ ለመትከል ደግሞ ቀኑ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሁለቱን መንደሮች በጨዋታ አቀመጧቸው። ዋናው ብልሃት ሚና መቀያየሩ ነው። ላይኛው ታችኛውን ሆኖ ይጫወታል። ከዚያ በኋላ የጨዋታው ሕግ ወደ ኮምፒውተር ሞዴል ተዛውሮ ብዙ አማራጭ ተፈተነበት። በመጨረሻም ስምምነትና የተፋሰስ ኮሚቴ ወጣ። የመላሹ ማስጠንቀቂያ፦ ሚና መቀያየሩ በመጀመሪያው ዙር አይሁን። ሰው መጀመሪያ የራሱን አቋም ተጫውቶ ካልወጣለት ሌላውን ሲሆን ያላግጣል።

12.

አሥራ ሁለተኛው ስለ ካርቶንም ስለ ባቄላም ግድ የለውም። ጥያቄው ስድስት ስድስቱን ማን ይመርጣቸዋል ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር ከመረጠ የሚመጣው የሚሊሻ አዛዡ፣ የሊቀመንበሩ ዘመድና አበል የለመደ የስብሰባ ሰው ነው። ተራራውን የሚያውቀው እረኛው አይጠራም። እንጨት የምትለቅመው ሴት አትጠራም። መሬት የሌለውና ከዳር የሚያርሰው ወጣት ደግሞ ተከሳሽ ስለሆነ ጨርሶ አይጠራም፤ ስምምነቱን ማግስቱን የሚያፈርሰው ግን እሱ ነው።

13.

ስምንተኛው ተመልሶ ተቆጣ፤ ሁሉን ነገር በአበል የሚተረጉም ሰው ሥራ አይሠራም የሚል ነበር መንፈሱ። ትንሽ ተሰዳደቡ። ከዚያ አንድ ጠቃሚ ነገር ወጣው፦ ተጫዋቹን በስም ከመምረጥ በኑሮ መምረጥ። አንድ በሬ የሌለው፣ ሁለት በሬ ያለው፣ ከአምስት ከብት በላይ ያለው፣ እማወራ፣ እረኛ፣ መሬት የሌለው ወጣት። በዕድር ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ ወገን ተለይቶ በዕጣ ይወጣል። አበሉ ደግሞ ለሁሉም እኩል፣ ለሊቀመንበሩም ለእረኛውም።

14–16.

ሦስቱ መልሶች ወደ ባህር ዛፍ ሄዱ። አንዱ ባህር ዛፍ የምንጭ ጠላት ነው አለ፣ ሌላው የገበሬው ባንክ ነው ሲል መለሰ። ሦስተኛው በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሚተከለውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት አነሣ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከእህል ጋር ተዘርቶ፣ ቀጥሎ ሣር ታጭዶበት፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ለከሰል የሚቆረጠውን። ለክሩ የጠቀመው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ሰሌዳው ላይ የዛፍ ጠጠር ካልተጨመረ መሬት የሌለው ወጣት የሚጫወትበት ነገር የለውም።

17.

የሕግ ሰው ነው፣ አጻጻፉም ያንን ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 456/1997ን የተካው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነው፤ አማራ ክልል ከሆነ አዋጅ ቁጥር 252/2009ም አለ። ከሞዴሉ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ ጠቡ የወል ይዞታ ነው ወይስ የቀበሌ አስተዳደር ወሰን? የወሰኑ ጉዳይ የመሬት ኮሚቴ ሥልጣን ስላልሆነ ተጫዋቾቹ ቢስማሙም አይጸናም። ሁለተኛ፣ ተራራው በሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ (መሬቱ ተለክቶ ካርታ በሚወጣለት) በአንዱ ቀበሌ ስም የይዞታ ደብተር ወጥቶለት እንደሆነ። ወጥቶ ከሆነ አንዱ ወገን ደብተር በኪሱ ይዞ ነው የሚጫወተው፤ ይህ በግልጽ ካልተነገረ ሌላው ሲደርስበት ሁሉም ነገር ይፈርሳል። የተስማሙበት ሕግ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ የሁለቱም ቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴዎች ይፈርሙበት፣ ወረዳው ይመዝግበው። የካርቶኑ ፎቶ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

18.

ለእኔ የውይይቱ ፍሬ ይህ ነው። አሥራ ስምንተኛው ወደ ሁለተኛው መልስ ተመልሶ ስለ ቀለሙ ጠየቀ። ቀለም አንዴ ከተቀባ ፍርድ ይመስላል፤ መጀመሪያ ብሩሽ የያዘው ወገን ተራራውን ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ የተከራከሩበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቆይ፣ መስመሩም በስፒልና በክር ብቻ ይታሰር። ላይኛው በአንድ ቀለም ክር የራሱን ይዘርጋ፣ ታችኛው በሌላ። ሁለቱ ክሮች የገጠሙበት ርቀት ይለካ፣ የተለያዩበት ብቻ ለውይይት ይቅረብ። ብዙ ጊዜ የሚለያዩት ሙሉውን ተራራ ሳይሆን አንድ ምንጭና አንድ ሸንተረር ዙሪያ ነው። ግን ልክ አለው፦ 2 ሚሊ የሚወፍር ክር በ1፡5,000 መሬት ላይ 10 ሜትር ይሸፍናል። ከዳር እየገፋ ያረሰው ሰውዬ የወሰደው ሦስት ሜትር ከሆነ ክሩ ሥር ተሸሽጓል። ያንን አምሳያው አይፈታም፤ የእጅ ጂፒኤስም ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ስለሚስት አይፈታም። ቦታው ድረስ ሄዶ ችካል መትከል ነው።

19.

አሥራ ዘጠነኛው ቁጡ ነው፣ ምክንያትም አለው። አምሳያው ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ክር ተወጥሮ፣ ከላይ በካሜራ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ በ1፡5,000 አንዱ ካሬ 25 ሄክታር ነው። ከዚያ ፋይሉ የማን ነው? ነዋሪው የጸበሉን፣ የማር ቀፎውንና የድንጋይ ካባውን ቦታ በእምነት አስቀምጦ፣ በዓመቱ ባለሀብት ያንኑ ካርታ ይዞ ሲመጣ ማን ይጠየቃል? የትኛው ምልክት ከመነሣቱ በፊት እንደሚነቀል ነዋሪው ይወስን፣ ፋይሉም ለሁለቱም ቀበሌ በእኩል ይሰጥ ይላል። አምስተኛው ብቻ በአጭሩ ደገፈው፤ ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው አላስደሰተኝም።

20.

አንድ መላሽ በመንዝ ጓሳ የወል ሣር መሬት የነበረውን ቄሮ የተባለ ባህላዊ ሥርዓት አነሣ። አባቶች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በበጋ ለአጨዳና ለግጦሽ የሚከፍቱበት ሥርዓት ነበር፣ አባ ቄራ የሚመራው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ ዛሬ በሌላ መልክ ማኅበረሰቡ ጓሳውን ይጠብቃል። የዚህ መላሽ ሐሳብ ጨዋታው ላይ መዝጊያና መክፈቻ ቀን እንደ ሕግ ይገባ ነው፤ ሙሉ መዝጋትና ሙሉ መክፈት ብቻ ከቀረቡ ሰው ወደ ጎራው ይመለሳል። ዘጠነኛውም ያለወትሮው ሳይነቅፍ አንድ ጨመረ፦ ክልሉ በሦስት ተከፍሎ አንዱ በየዓመቱ ቢያርፍ ላይኛው በክረምት የሚያጣውን በታችኛው ገለባ መካስ ይቻላል፤ ስንት ሸክም እንደሆነ ባቄላው ይናገራል።

21.

ጠያቂው መጨረሻ ላይ ውሳኔውን አስታወቀ። ካርቶኑ በ1፡5,000፣ ለታችኛው ሜዳ የ10 ሜትር ኮንቱር፣ ተራራው ነጭ ሆኖ በክር ብቻ። ጨዋታው በሦስት ዙር ከገለባ፣ ከዛፍ ጠጠርና ከመዝጊያ ቀን ጋር፤ ተጫዋቹ በኑሮ ደረጃ በዕጣ። የሚና ቅያሬው ከሁለተኛው ዓመት በኋላ። ደብተሩ በማን ስም እንደወጣ አጣርቶ ከስብሰባው በፊት ለሁለቱም ሊናገር ነው። የቀረው ጥያቄ ወሩና ቦታው ነበር።

22.

ሰባተኛው፣ የአይጡ ሰው፣ መለሰ። ከየካቲት አጋማሽ በኋላ፣ ውቂያው አልቆ ክምሩ ቤት ሲገባ፣ ዝናቡም ካርቶኑን ሳይነካ። በክረምት ከተጠራ እያንዳንዱ ጠዋት ከብቱ የታሰረበትን ቂም ይዞ ይመጣል። ቦታው የሁለቱም ቀበሌ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ይሁን፤ እንዲህ ያለ ከሌለ ገበያው አጠገብ። ለመጋዘኑ ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ለላይኛው፣ አንዱ ለታችኛው፣ በሩም ሁለቱ ካልመጡ የማይከፈት። የጥበቃውን ደመወዝ ማን ይክፈል ለሚለው እስካሁን የመለሰ የለም።